በደብሩ ደን የሰቀልኩት ጣሳ

ወደ ጎጃም የሄድኩት ጥርኝ ፍለጋ ነው። እንደተመለስኩ የሰፈር ጓደኞቼ ስለ ጉዞው ሲጠይቁኝ ስለ ዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገድና ስለ ደብረ ማርቆስ ብርድ አውርቼ ቀሪውን ዘለልኩት። እዚህ የምጽፈው የዘለልኩትን ነው። ሐዋሳ ተቀምጦ ያንን አገር ፈጽሞ የማያይ ሰው ያነበው ይሆናል፤ እሱም ቢሆን የኔን ጥፋት ብቻ ሰምቶ እንዳይቀር ያበሉኝንና ያስተኙኝን ሰዎች አልተዋቸውም።

ዩኒቨርሲቲ የምማረው ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃና በመካነ እንስሳት ስለሚኖሩ አራዊት አያያዝ ነው። ቤተሰቤ ትምህርቱን ዛሬም «አንበሳ ግቢ» ይሉታል። በትርፍ ጊዜዬ ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፤ ያስታውቅብኛል መሰለኝ። የመመረቂያ ጥናቴ ስለ ጥርኝ ነበር። ጥርኝ ከድመት ከፍ የሚል፣ ነጠብጣብ ያለው፣ ሌሊት የሚወጣ አውሬ ነው። ዝባድ የሚባለው ሽቶ ከእሱ ስለሚገኝ በጠባብ ጎጆ ዘግተው ገንፎ እያበሉ የሚያኖሩት ሰዎች አሉ። የኔ ጥያቄ፣ ማንም ሳይይዘው ሲኖር ምን ይበላል የሚል ነበር። ያ ቢታወቅ የታሰሩትን ደህና አድርጎ መመገብ ይቻላል። አስተማሪዬ፣ በጎጃም ደጋ ዱር የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነውና እዚያ ፈልግ አለኝ።

ጥርኝን ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጥርኝ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ስለሚጸዳዳ ቦታውን ፈልጎ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ አስሮ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው የሚሸት ነገር ሰቅሎ መጥራት ነው። መጠበቅ አልወድም፤ ሁለተኛውን መረጥኩ። እኛ አገር ሐዋሳ፣ ዓሣ ገበያ ውስጥ አንጀቱና ጭንቅላቱ መሬት ላይ ይጣላል፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከሰው እግር ሥር ይለቅመዋል፤ ሽታው ማንንም አያስደነግጥም። እናም የዓሣ አንጀት በፕላስቲክ ዕቃ ሞልቼ ፀሐይ ላይ አሰነበትኩት። እናቴ «ይኼን ይዘህ ሰው መሐል ልትገባ ነው?» አለችኝ። ለትምህርት ነው አልኳት።

ሰኞ አዲስ አበባ አደርኩ። ማክሰኞ ሳይነጋ ከመናኸሪያ ተነስተን፣ ረፋዱ ላይ ጎሐ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድ ጀመርን። እኛ ዘንድ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ብስክሌት ይነዳበታል። እዚህ አውቶቡሱ በየመታጠፊያው ያቃስታል፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። ሸለቆው አጋማሽ ላይ ከእግሬ ሥር ካለው ቦርሳ እንደ ጎማ የመተንፈስ ድምፅ ሰማሁ። የዓሣው ዕቃ ክዳን ነበር።

ከፊቴ ያለችው ሴት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ረዳቱ ከበሩ ዞሮ፣ «ማነው የሞተ ነገር የጫነ? ያውም በሁዳዴ!» አለ። ሰው ሁሉ ማዶ ወንበር ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ አየ። ጉልበታቸው ላይ በገመድ የታሰረ የበግ አጎዛ ነበር።

«አባ፣ ከእርስዎ ነው።»

«ደርቋል እኮ ልጄ። ለልጅ ልጄ መኝታ ነው።»

«ደረቀም አልደረቀ ገደለን።»

ከኋላ አንዱ፣ «አባ፣ በጉ ከሞተ በስንተኛው ቀን ነው የገፈፉት?» አለ። አውቶቡሱ ሳቀ። ሽማግሌው አጎዛውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ደጋግመው አሸተቱ፤ በመጨረሻ እሳቸውም የራሳቸውን ዕቃ ተጠራጠሩ። መኪናው ቆመ፤ ረዳቱ አጎዛውን ከላይ ጫነው። እኔ በሁለት እግሬ መካከል ቦርሳዬን አጥብቄ ይዤ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

ደጀን ለምሳ ወረድን። የጭነት መኪኖች ተደርድረዋል፤ ሻጮች በየመስኮቱ ይሯሯጣሉ። የቀረበልኝን ሽሮ ከጭንቀት የተነሳ መብላት አቅቶኝ ሳለ ሽማግሌው መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ በኔ የተነሳ ተረበሽክ መሰለኝ። ፊትህ ጠቁሯል።» ከኪሳቸው ሎሚ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ። «ይኼን እያሸተትክ ሂድ።»

እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው የሚናገረው ነገር አለ። እኔ ያልኩት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባ» ብቻ ነው። ሎሚውን እያሸተትኩ ማርቆስ ገባሁ።

ማርቆስ ብርድ ነው። ሐዋሳ ሲመሽ ሰው ወደ ሐይቁ ይወጣል፤ እዚህ ሲመሽ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፤ መንገዱ ላይ ጋቢ የለበሰ ጥላ ብቻ ይቀራል። ያደርኩበት ቤት ባለቤት ሳልጠይቃት ሙቅ ውሃ በባልዲ አመጣችልኝ፤ ደግሞ ሌላ ብርድ ልብስ። የክፍሌን በር ዘግቼ ዓሣውን በሦስት የቲማቲም ድልህ ጣሳዎች ከፋፈልኩት። ሽታው እንዲወጣ ጣሳዎቹን በምስማር በሳሁ። አይጥ እንዳይዘረግፈው በአሮጌ ካናቴራዬ ቅዳጅ ጠቀለልኩ። በኋላ ፈልጌ እንዳላጣቸው በቀይ ሲባጎ አሰርኳቸው። በሥራዬ ረካሁ። የጎጃም ገበሬ እንዲህ ያለ ነገር ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ቢያይ ምን ይላል ብዬ ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰብኩም።

ረቡዕ ጠዋት ቁይ ወደሚባለው ከተማ በሚወስደው መንገድ በሚኒባስ ሄድኩ። እርሻው ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል፤ ባሕር ዛፍ እዚህም እዚያም ቆሟል። የምሄድበት የቤተ ክርስቲያን ደን ግን ከሩቅ ይታያል፤ በገለባው ሜዳ መሐል እንደ ተደፋ ጥቁር ቀለም ነው። ሐዋሳ ዛፍ የሚተከለው ሰው ሥሩ እንዲቀመጥ ነው፤ እዚህ ዛፉ የሚኖረው ታቦቱ መሐሉ ስላለ ነው። በደኑ ጠርዝ የቅኔ ተማሪዎች ጎጆዎች አሉ። መምህራቸው የኔታ ጥበቡ አጠገባቸው ከሣር አስቀመጡኝ፤ ጠይም፣ ቀጭን፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። የደብሩም ኃላፊ እሳቸው ናቸው።

«ካሜራህ ምን ያደርጋል?»

«ጥርኝ ሲያልፍ ፎቶ ያነሳል፣ የኔታ።»

«እኛ ስናልፍስ?»

«እናንተንም ያነሳል። እኔ አጠፋዋለሁ።»

«እንግዲያ አታጥፋን፤ እኛም የደኑ አውሬዎች ነን» አሉና ተማሪዎቹ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ደኑ የእግዚአብሔር ነው፤ ጾም ላይ ነን። ከካሜራው ሌላ የምታስገባው ነገር አለ?»

«የለም፣ የኔታ።»

እንዲህ በቀላሉ ወጣ። ጣሳዎቹ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ።

ማደሪያዬ አያ አለኸኝ የሚባሉ ገበሬ ቤት ሆነ፤ ባለቤታቸው እማማ ጥሩ ይባላሉ። የኔታ ደግሞ መንገድ እንዲያሳየኝ ይትባረክ የሚባል ተማሪ ሰጡኝ። ዕድሜው የኔ ዕድሜ ነው፤ ከሩቅ አገር መጥቶ እዚህ ሦስት ዓመት ተምሯል፤ ለፋሲካ ሊመረቅ ነው። ቦርሳዬን ከትከሻዬ ነጥቆ ተሸከመ። የፈሰሰው ርጥበት ጋቢውን ነካው፤ አላስተዋለም።

«ገጣሚ ነህ አሉ» አለኝ በመንገድ፤ ለየኔታ ስናገር ሰምቶ ነው። «እስቲ አንድ በል።»

ስለ ሐይቁ የጻፍኩትን አልኩለት። 

«ውሃው ጥሩ ነው» አለ። «አንተ ግን በየስንኙ ትገባለህ። ሐይቁን አንዴ እንኳ ብቻውን አልተውከውም።»

ተናደድኩ። አይቶኝ ሳቀ፤ «አትቀየም ወንድሜ፤ የኔታ እኔን ከዚህ የባሰ ነው የሚሉኝ።»

ደኑ ውስጥ ካሜራዎቹን ካሰርን በኋላ ውሃ ጠማኝ አልኩት። ጎጆው ድረስ ሮጦ ሊያመጣልኝ ሲሄድ ጣሳዎቹን ሰቀልኩ። ሲመለስ በቅል ውሃ ይዞ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ አነሳ።

«ምን ሸተተ?»

«የካሜራው ባትሪ ነው።»

«ባትሪ እንዲህ ይሸታል?»

«አዲሱ ዓይነት ነው።»

ውሃውን ሰጠኝ። ጠጣሁ።

ሐሙስ ሲነጋ ብቻዬን ሄጄ ካሜራዎቹን አየሁ። አንደኛው ላይ ቅጠል ብቻ። ሁለተኛው ላይ ግን ጥርኝ ነበር፤ አንገቱን ወደ ጣሳው ወደ ላይ ዘርግቶ፣ አንዱን የፊት እግሩን አንስቶ፣ ዓይኖቹ እንደ ሁለት ክብሪት። መሬት ላይ ተንበርክኬ ለብቻዬ ሳቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩባቸው ጠዋቶች ብዙ አይደሉም። ከዚያ ከታች በኩል የሴት ጩኸት ሰማሁ። የቅዳሴው ኅብስት ለሚጋገርበት ቤተልሔም ማገዶ የወደቀ ጭራሮ የሚለቅሙት እማሆይ ሦስተኛውን ጣሳ አግኝተውት ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው በደኑ ጠርዝ ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ጣሳው በእንጨት ተገፍቶ መጥቶ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ማንም አይጠጋውም።

«ቀይ ክር አለው።»

«በምስማር ነው የተበሳ።»

«ጨርቁን እዩት፤ የሰው ልብስ ነው።»

ሁሉም እውነት ነበር። ጨርቁ የኔ ካናቴራ ነው።

«ድግምት ነው እንግዲህ» አለ አንዱ፤ ሴቶቹ አማተቡ። ሰው ሁሉ ወደ ተማሪዎቹ ጎጆ አየ። እዚያ አገር ገበሬ ለቤተ ክህነት ተማሪ ቁራሽ ይሰጣል፤ አስማት ያውቃል ብሎም ይፈራዋል። «ትናንት ሲመሽ ከጫካው ሲወጣ ያየሁት ይትባረክን ነው» አለ ሌላው። አንዱ ቀርቦ ጋቢውን አሸተተና ወደ ኋላ አለ። «እዚሁ ነው። ያው ሽታ ነው።»

የኔታ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ አዩት። «አንተ ነህ?»

«አይደለሁም፣ የኔታ።»

«ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

ይትባረክ መሬት መሬት አየ። ወደኔ አልዞረም። «አላውቅም» አለ።

አያ አለኸኝ አጠገቤ ቆመው ነበር። ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «ልጄ፣ በካሜራህ የሰቀለው ሰው አይታይም? እስቲ ለዚህ ምስኪን ድረስለት።»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የኔታን «የለም» ያልኳቸውን አሰብኩ፤ ከደኑ መባረሬን፣ ጥናቴን፣ ያን የጥርኝ ፎቶ አሰብኩ።

«ካሜራው በሌላ በኩል ነበር የዞረው» አልኩ።

ይትባረክ ያኔ ቀና ብሎ አየኝ፤ ወዲያው ዓይኑን መለሰ። በማግስቱ ጠዋት ዕቃውን ይዞ እንዲሄድ ተቆረጠ።

እማማ ጥሩ ለእራት ድንችና ከባቄላ ዱቄት የሚቦካውን የጾም ስልጆ አቀረቡ። የስልጆን መጎምዘዝ የማያውቅ ሰው እንደኔ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ሌላ ቀን ቢሆን ይስቁብኝ ነበር። ያን ምሽት ግን ትክ ብለው አዩኝ።

«አንተም እኮ እዚያ ጫካ ገብተሃል» አሉ። «እጅህን አምጣ እስቲ።»

አሸተቱት። ፊታቸው ተለወጠ። «አለኸኝ፣ ድግምቱ ነክቶታል! ልጁን ነክቶታል!» ጠበል በማሰሮ አምጥተው ራሴ ላይ አፈሰሱ፤ አንገቴን፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አሹ።  «የሰው ልጅ፣ እናቱ ምን ትለናለች?» ይላሉ፤ እንባቸው ይወርዳል። አያ አለኸኝ የራሳቸውን መደብ ለቀው እዚያ ላይ አስተኙኝ፤ አዲሱን ጋቢ ከሳጥን አውጥተው አለበሱኝ። በገዛ ዓሣዬ ሽታ ታመመ ተብዬ ተኛሁ። እናቴ እንኳ ስታመም እንዲያ ተሸብራ አታውቅም።

ዓርብ ጠዋት ተማሪዎቹና ሽማግሌዎቹ ይትባረክን ሊያሰናብቱ የኔታ ደጅ ቆመው አገኘኋቸው። የቀሩትን ሁለት ጣሳዎች ከየዛፉ አውርጄ ይዤ ነበር የመጣሁት። መሬት ላይ አስቀምጬ ክሩን ፈታሁ፤ ጨርቁን ገለጥኩ።

«የኔ ነው» አልኩ። «የዓሣ አንጀት ነው። ጥርኝ ለመጥራት የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ይትባረክ አያውቅም።»

 ከዚያ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ጣሳውን ገለበጡት። «ዓሣ?» አሉ። «ለዚህ ነው እንዴ ትናንት ሚስቴ በሬዎቹን ሁሉ ጠበል ያጠመቀችብኝ?» አንዱ ፈገግ አለ፤ ሌላው ሳቀ፤ ሳቁ ተዛመተ። የሁሉም ትከሻ ሲላላ ይታይ ነበር።

«እንግዳ ነው፤ አያውቅም» አለ አንዱ።

«አውቅ ነበር» አልኩ። «የኔታ ጠይቀውኝ የለም ብያለሁ።»

«ፈርተህ ነው» አሉ የኔታ።

«ትናንትም ካሜራው ዞሮ ነበር ያልኩት ውሸት ነው።»

አያ አለኸኝ ክንዴን ያዙኝ። «በቃህ ልጄ። ይቅር ተብለሃል። ሰው ይቅር ሲባል ዝም ይላል።»

ቅጣት እጠብቅ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የኔታ ጣሳው ይቅር፣ ካሜራውን ግን እንደያዝክ ቆይ አሉኝ። እማማ ጥሩ መጥተው ድግምት ባለመሆኑ ግንባሬን ሳሙኝ። ስለ ትናንቱ ጠበልና እንባ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ከዚያ የኔታ ወደ ይትባረክ ዞሩ። «ዕቃህን መልስ።»

ይትባረክ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። «ይፍቱኝ የኔታ። ልሂድ።»

«ነገሩ ተፈታ እኮ።»

«የእንግዳው ነገር ተፈታ፣ የኔታ።»

የኔታ ተቀመጥ አላሉትም። እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ፈቱት።

ካሜራዎቹን ፈትቼ፣ እማማ ጥሩን፣ አያ አለኸኝንና የኔታን ተሰናብቼ ተከተልኩት። እስከ አስፋልቱ አብረን ሄድን። ቦርሳዬን ዛሬ ራሴ ተሸከምኩ። የእሱ ዕቃ አጎዛና አንድ ከረጢት ነው። ከአማኑኤል ከተማ ወዲያ ወዳለ ሌላ የቅኔ መምህር ሊሄድ ነው፤ አዲስ መምህር ከመጀመሪያው እንደሚያስጀምረው ነገረኝ።

«እንደኔ እንደሆነ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«እንግዳ አሳልፎ መስጠት ነውር ነው» አለ። ጥቂት ሄዶ፣ «ደግሞ ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነበር። እዚያው ዋርካው ሥር።»

«እኔ እዚህ ባልመጣ…»

«ተወው። የከፋኝ አንተ አይደለህም። አንተን አያውቅም ብለው ማሩህ። እኔን ግን ያውቁኛል፤ በየደጃቸው ስቆም በስሜ ጠርተው ነው ቁራሽ የሚሰጡኝ። እያወቁኝ ነው ያመኑት። ነገ የማን ደጅ ሄጄ ልቁም?»

አስፋልቱ ላይ ደረስን። ቢያንስ እስከ ማርቆስ በመኪና አብረን እንሂድ ብዬ ለመንኩት። በእግሬ ነው የመጣሁት፤ በእግሬ እሄዳለሁ አለ። ከረጢቱን አስተካከለና ቆም አለ።

«ጥርኙ ግን መጣ?»

«መጣ።»

«አሳየኝ።»

በካሜራው ትንሽ መስኮት አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየው። «ጆሮው ያምራል» አለ፤ ካሜራውን በሁለት እጁ መለሰልኝና የመንገዱን ግራ ይዞ ወደ ማርቆስ አቅጣጫ መራመድ ጀመረ።

ጥቂት ቆይቶ ከቁይ በኩል ሚኒባስ መጣ። ረዳቱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ «ማርቆስ፣ ማርቆስ፣ ባዶ ነው ግባ» አለኝ። ከፊት፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ባዶ ነበር። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ የይትባረክ ጋቢ ከሩቅ ገና ይታየኛል፤ ብገባ በመኪና ላልፈው ነው። በእጄ እለፍ አልኩት። ሁለተኛውም መጣ፤ እሱንም አሳለፍኩት። ጋቢው ከዓይኔ ከጠፋ በኋላም፣ ከአስፋልቱ ወደ እግር መንገድ ታጥፏል ብዬ እስክገምት ድረስ፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ የሚመጣውን መኪና ሁሉ አሳለፍኩ።